ከበሮውን ለረባሹ ልጅ ስጡት

(አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለአዳዲስ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ታክሲ ተሰልፋችሁ መምጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ መድረኩ ሥር ቦታ አለ።

ስለ ራሴ ትንሽ ብዬ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ክራርና ኪቦርድ እጫወታለሁ። ድሮ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። አሁን በቤትም በትምህርት ቤትም «አስቸገሩ» ከተባሉ ልጆች ጋር ሙዚቃ እሠራለሁ፤ ብቻዬን ሳይሆን ከአንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «የሙዚቃ ቴራፒስት» ብሎኛል። የለጠፈውን አመሰግናለሁ፤ ግን አይደለሁም። አሜሪካ ውስጥ ይህን ስም የሚይዝ ሰው በሙያው ዲግሪ አለው፣ 1200 ሰዓት ያህል በባለሙያ እየታየ ተለማምዷል፣ ከዚያም የብቃት ፈተና አልፏል። እኔ ክራር አንግቤ ክፍል ስለገባሁ ያ ሁሉ አይኖረኝም። ይህን የምናገረው ትሑት ለመምሰል አይደለም፤ ወላጅ ልጁን ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ አለበት። ነገ ሌላ ሰው ጊታር ይዞ መጥቶ «ልጅዎን በሙዚቃ አክምልዎታለሁ» ቢላችሁ የት እንደተማረና ከማን ጋር እንደሚሠራ ጠይቁት።

ሙዚቃና ሕመም ሲነሣ ሁላችንም የምንጠቅሰው ንጉሥ ሳኦልን ነው። ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና ይደረድርለታል፤ ሳኦልም ያርፋል፣ ይሻለዋል። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ፣ ምዕራፍ 16። ብዙዎቻችን መጽሐፉን የምንዘጋው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ምዕራፍ ወረድ ብላችሁ አንብቡ፤ ዳዊት እንደ ወትሮው እየደረደረ ሳለ ሳኦል ጦሩን ይወረውርበታል። ዳዊት ዘወር ብሎ ያመልጣል። ምዕራፍ 19 ላይ ደግሞ ይደግመዋል። ያው በገና፣ ያው ደርዳሪ፣ ያው ሰሚ። በእኔ ላይ ጦር ባይወረወርም ዳስተር፣ ጫማ፣ ወንበርም ተወርውሯል፤ ስለዚህ ሦስቱን ምዕራፎች አንድ ላይ ነው የማነባቸው።

ሙዚቃ ረባሹን ልጅ ጸጥ ያደርገዋል የሚለውን ተስፋ እንግዲህ በሩ ላይ ተዉት። ጸጥ የሚልበት ቀን አለ፣ የሚብስበትም ቀን አለ። እኔ እስካየሁት ድረስ ሙዚቃ ለእንደዚህ ያሉ ልጆች የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው፤ ድምፁን ሰምቶ የሚመልስለት ሰው ያገኝበታል። ሳይመከር፣ ሳይሰደብ፣ ሳይመታ ይመለስለታል። በኋላ ለተመራቂዎቹ ስለሚያረካ ሥራ የማወራውም ከዚሁ ብዙ አይርቅም።

«አስቸጋሪ» የምንለው ልጅ መቼም አንድ ዓይነት አይደለም። ቀዥቃዣ አለ፣ ለአፍታ መቀመጥ የማይችል፤ ሐኪሞች ኤዲኤችዲ የሚሉት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እምቢታ ሥራው የሆነ አለ። የሚማታ አለ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ አለ፤ ጆሮውን ደፍኖ ሲጮህ «ጥጋብ ነው» ይባላል፣ እሱ ግን የትምህርት ቤቱ ደወል እያሠቃየው ነው። ቤት ውስጥ ያየውን ለማንም ሳይናገር ይዞት የሚዞር አለ። ሠፈሩ የፈረሰበትም አለ፤ ይህን እናንተ የአራዳ መምህራን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ የአንድ ግቢ ልጆች አንዱ ወዲያ ሌላው ወዲህ ሄዱ። አዋቂው ስለ ምትክ ቤትና ስለ ካሣ ያወራል። የስምንት ዓመቱ ልጅ ግን የጠፋበት ኳስ የሚያቀብለው ጓደኛው ነው፤ ለዚያ የሚሞላ ፎርም የለም። አዲሱ ትምህርት ቤት ሲገባ ይማታል፤ ዩኒት ሊደሩም «ከየት የመጣ ጉድ ነው?» ይላል።

ከሁሉ በፊት ግን ጆሮውን አስመርምሩት። የምሬን ነው። ጆሮው ሲመግል የኖረ ልጅ መስማት ሊቀንሰው ይችላል። የማይሰማ ልጅ ሲጠሩት አይዞርም፣ የታዘዘውን ግማሹን ይስታል፣ ጓደኞቹ ሲስቁ በእሱ የሳቁ ይመስለውና ይማታል። መምህሩ «ንቆኝ ነው» ይላል። እኔ ዘንድ ይህ ቶሎ ይታያል፤ ከበሮ ሲመታ ወለሉ ስለሚርገበገብ ልጁ ይመልሳል፤ ከኋላው ሆኜ የክራሩን ቀጭን ጅማት ስነካ ግን ልጁ አይሰማም። እንዲህ ያለው ልጅ የጆሮ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፤ ሙዚቃው ይደርሳል።

ስለ ዱላም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ትምህርት አልገባው አለ፣ መምህሩ ጌዴዎን ገረፈው፣ ጠፍቶ ሲሄድ አንዲት ትል ከዛፍ ላይ እየወደቀች ስትወጣ አየና ተመለሰ። ልጆቻችንን «እንደ ትሏ ታገሥ» ለማለት እንጠቅሰዋለን። መጀመሪያውኑ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስጠፋው ምን ነበር ብሎ የጠየቀ መምህር ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

አሁን አንድ ልጅ ላሳያችሁ። ስሙን አልጠራም፤ እንዳይታወቅም ነገሩን እዚህም እዚያም ለውጬዋለሁ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት ተባርሮ ሁለተኛውም ሊያባርረው ጫፍ ላይ ደርሷል። እናቱ ይዛው ስትገባ ገና ሳትቀመጥ «እኔ አቅቶኛል፤ ጠበልም ወስጄዋለሁ» አለች። (ጠበል ከሚወስዱ ወላጆች ጋር ክርክር አልገጥምም። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘ አታቋርጡ ነው የምለው፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል።)

ክፍላችን ውስጥ ያለው ዕቃ ትንሽ ነው፤ ምንጣፍ፣ ሁለት ክራር፣ አንድ ዋሽንት፣ አንድ ትልቅ ከበሮ። ልጁ ማናችንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ ከበሮው ሄደና በሰፊው ጎን በጡጫ ይደልቀው ጀመር። ቆዳው ይቀደዳል ብዬ ፈራሁ፤ ዝም አልኩ። እሱ የሚጠብቀው «ተው!» የሚለውን ነው፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው፣ ለሩጫ ተዘጋጅቷል። ክራሩን አነሣሁና በእሱ ፍጥነት፣ በእሱ ጉልበት መታሁ፤ በግርፍ፣ ጅማቶቹን ሁሉ ባንዴ። ዜማ የለውም፣ ለጆሮም አይመችም። እሱ ቆመ። እኔም ቆምኩ። አየኝ። አንድ ጊዜ ድም አደረገ፤ እኔም አንድ ጊዜ። ሁለቴ፤ ሁለቴ። ቀጥሎ ሊያታልለኝ ፈለገ፤ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ሳይመታ አስቀረው። እኔም እጄን አስቀረሁ። ሳቀ። ባልደረባዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች፤ በኋላ ደብተሯን ሳየው ከዚያ ሁሉ ድብደባ የመዘገበችው «እጁን አንሥቶ ጠበቀ» የሚለውን ብቻ ነበር።

ልክ ናት። መጠበቅ አይችልም የተባለ ልጅ፣ ማንም ሳያዘው፣ እጁን አየር ላይ አቁሞ ጠበቀ። ይህ ልጅ አዋቂን ማዘዝ ይፈልጋል፤ ሁሉም ልጅ ይፈልጋል። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያውቀው መንገድ ሰው መምታት ነበር። ሲመታ ዩኒት ሊደሩ ይሮጣል፣ ርእሰ መምህሯ ትመጣለች፣ እናቱ ከሥራ ትጠራለች፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ሥልጣን የት ይገኛል? ከበሮው ላይ ማንም ሳይጎዳ ያንኑ ሥልጣን አገኘው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የምንል ሕዝብ ነን፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን እራት የሚሆነው እሱ ያቦካው ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የሄደው። የከበሮው ጠባብ ጎን ቀጭን ድምፅ እንዳለው ራሱ አገኘና ሁለቱን ማፈራረቅ ጀመረ። እኔ ፍጥነቴን ዝቅ ሳደርግ መጀመሪያ አልተከተለኝም፤ መልሼ አብሬው ሮጥኩ። ሌላ ቀን ዝቅ ሳደርግ ተከተለኝ። ኋላ ላይ ክራር መቃኘት ያዝን። ክራር ስድስት ጅማት አለው፤ ጅማቶቹ ቀንበሩ ላይ በጨርቅ ወይም በቆዳ ጥምጥም ይያዛሉ፣ መቃኘት ማለት ያንን ጥምጥም በጣት እየጠመዘዙ ማክረርና ማላላት ነው። ትንሽ ስታልፍ ይከርራል፣ ትንሽ ስትለቅ ይረግባል፤ ስድስተኛውን ስትጨርስ የመጀመሪያው ወርዶ ይጠብቅሃል። ትልልቅ ሰዎች የሚሰለቹበት ሥራ ነው። ያ ልጅ የምላሱን ጫፍ አውጥቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ያለ ጎትጓች ቃኝቶ ጨረሰ።

መማታቱ ቆመ ወይ? አልቆመም፤ ቀነሰ። ትምህርት ቤቱም አላባረረውም። ይህንን ደግሞ ክራሩ ብቻውን አላመጣውም። ባልደረባዬ ከእናቱ ጋር ለብቻ ትገናኝ ነበር፤ ምን ሲያደርግ እንደምታመሰግነው፣ ምን ሲያደርግ ዝም እንደምትል፣ ያለችውን እንዴት ሳታጥፍ እንደምትይዝ። ለልጆች የጠባይ ችግር ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው መንገዶች አንዱ የወላጆች ሥልጠና ነው። ሙዚቃ ሠሪ ስለሆንኩ ይህን አልደብቅም።

አሠራሩም የእኛ ፈጠራ አይደለም። ሙያው በአሜሪካ ሥር የያዘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በቆሰሉ ወታደሮች ሆስፒታሎች ነው፤ የመጀመሪያው የዲግሪ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1944 ሚሺጋን ውስጥ ተጀመረ። በዚያው ዘመን አልትሹለር የሚባል የአእምሮ ሐኪም አንድ መመሪያ አወጣ፤ ከታማሚው ስሜት ጋር በሚገጥም ሙዚቃ ጀምር፣ ከዚያ ቀስ እያልክ ወደምትፈልገው ውሰደው የሚል። የተናደደን ልጅ በለሆሳስ ዜማ መቀበል ስሜቱን መካድ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፖል ኖርዶፍና እንግሊዛዊው የልዩ ፍላጎት መምህር ክላይቭ ሮቢንስ እንግሊዝ አገር ውስጥ አብረው መሥራት ጀመሩ። አንደኛው ፒያኖ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ከልጁ ጋር ይሆናል፤ ልጁ የሚያወጣውን ማናቸውንም ድምፅ፣ ለቅሶም ይሁን ጩኸት፣ የሙዚቃው መነሻ ያደርጉታል። ሁለት ሰው የመሆናችን ነገር ከእነሱ የተወረሰ ነው።

የእኛ አገር ሰው ግን ይህን ለመረዳት ባሕር መሻገር የለበትም። አዝማሪ ቤት የገባ ያውቀዋል። እንግዳው «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ውዳሴም ይሁን ተረብ የተወረወረለትን በማሲንቆ ያቀነቅንለታል። ስንኙ ባይገጥም እንኳ አዝማሪው ያስገጥመዋል፤ ቃሉን የጣለው ሰውዬ ራሱ ገጣሚ ሆኖ ይወጣል። ወይም ቡሄን አስታውሱ። ሆያ ሆዬ ላይ አውጪው ማን ነው? ጭምቱ ልጅ? የለም፤ ድምፀ ጎርናናው፣ ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ጥግ ላይ የሚንበረከከው ልጅ ነው። ነሐሴ 13 ሲደርስ ሠፈሩ መሪ ያደርገዋል። ተቀባዮቹ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ይመልሱለታል፤ መቼ እንደሚጀምር፣ የትኛው ደጃፍ ላይ እንደሚቆይ፣ ከየትኛው ቶሎ እንደሚሸሽ እሱ ነው የሚያውቀው። ሙልሙሉንና ገንዘቡን ያካፍላል፤ ጠብ አይጠፋም፣ ግን ያካፍላል። መስከረም ሲጠባ መልሰን እናንበረክከዋለን።

ወላጆች አዘውትረው የሚጠይቁኝ «ለልጄ የትኛው ቅኝት ይሻለዋል?» ብለው ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እንደ ክኒን በማዘዣ አይታደሉም። ልጁ ምን ሲሰማ እንዳደገ ነው የሚወስነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለኝ፤ ሠፈሩን ወይም ሰው ላጣ ልጅ ትዝታ ከማውጣቴ በፊት ባልደረባዬ ክፍል ውስጥ መኖሯን አረጋግጣለሁ። ሙዚቃ የሚከፍተውን የሚዘጋ ሰው አጠገብ መኖር አለበት። የሞዛርትን ሲዲ ለሕፃን ማሰማት አእምሮ ያሰላል የሚለውን ደግሞ እርሱት። እ.ኤ.አ. የ1993ቱ ጥናት የተሠራው በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነበር፣ የታየውም ለደቂቃዎች የቆየ ለውጥ ነው፤ የቀረውን የጨመሩት ሻጮች ናቸው።

ጥናቶቹ በአጠቃላይ ምን ይላሉ? ሁለት ዓይነት ነገር ይላሉ፤ ሁለቱንም መስማት አለባችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የሰሜን አየርላንድ ጥናት ከ8 እስከ 16 ዓመት ያሉ 251 የስሜትና የጠባይ ችግር ያለባቸው ልጆችን ይዞ ግማሽ ያህሉን ከተለመደው ክትትል በተጨማሪ ሙዚቃ ሰጣቸው። እነዚያ ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ ብሎ፣ የድብርት ምልክታቸው ቀንሶ ተገኘ፤ በቤተሰብ ውስጥ ያላቸው ኑሮ ላይ ግን የታየ ልዩነት አልነበረም። በዚያው ዓመት በ9 አገሮች 364 ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናት የተሳተፉበት ሌላ ጥናት የኦቲዝሙን ምልክቶች ክብደት በመቀነስ በኩል ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ «ኦቲዝምን በሙዚቃ እናድናለን» የሚል ሰው ከመጣ በሩን አሳዩት። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሙዚቃ ሲሠራ የሚያገኘው ደስታና የሚፈጥረው ግንኙነት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ለራሱ በቂ ምክንያት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚስቡኝ ሌሎች ሁለት ጥናቶች ናቸው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 ከጀርመን ላይፕዚግ የወጣው ነው። 96 የአራት ዓመት ልጆችን ጥንድ ጥንድ አድርገው አጫወቷቸው፤ የተኙ እንቁራሪቶችን መቀስቀስ ነው ጨዋታው። ግማሾቹ እየዘፈኑና አብረው እየመቱ፣ ግማሾቹ ያለ ሙዚቃ። ከዚያ የአንዱ ልጅ ዕቃ እንዲበተን ያደርጋሉ። አብረው የዘፈኑት ሮጠው ለመርዳት የቀረቡ ሆኑ። እነዚህ ጤነኛ ሕፃናት ናቸው፣ ሕክምናም አልነበረም፤ ግን አብሮ መምታት በሁለት ልጆች መካከል ምን እንደሚያደርግ ያሳያል። ሌላው ከቬኔዙዌላ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1975 ሆሴ አንቶኒዮ አብሬዩ የመሠረቱት የልጆች ኦርኬስትራ ትምህርት አለ፣ በመላ አገሪቱ የተዘረጋ። በ16 ማዕከላት፣ 2914 ልጆችን የተከታተሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ውጤት ልጆቹ ራሳቸውን በመግዛት በጥቂቱ እንደተሻሻሉ፣ የጠባይ ችግራቸውም በጥቂቱ እንደቀነሰ ያሳያል። በጥቂቱ የሚለው ይሰመርበት። ጎላ ብሎ የታየው ግን ዓመፅ ሲያዩ ባደጉ ወንዶች ልጆች ላይ ነው። ማለትም ከበሮው እንዳይነካ የምንከለክለው ልጅ ላይ።

እዚህ ከተማ ውስጥ ለዚህ የሚቀርብ ታሪክ አለ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ በአርመኖች ገዳም ሙዚቃ የሚጫወቱ ወላጅ አልባ ልጆች ያያሉ፤ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ናቸው። 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» ተባሉ፣ የቤተ መንግሥቱ የነሐስ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለትን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሱትም እሳቸው ናቸው። ያ ባንድ ሕክምና አልነበረም፤ ማንም አላለውም። ደመወዝ ያለው ሥራ ነበር። ያን ሁሉ አይተው የመጡ ልጆች በዚህ ከተማ «ምስኪን» ተብለው አልቀሩም፤ መለከት የሚነፋ ሠራተኛ ሆነው ተቆጠሩ። ለልጅ የሚሠራ ነገር መስጠት የሚለውን ስናገር እነሱን ነው የማስበው።

አሁን ወጣቶቹ ወደምትጠብቁት ልምጣ፤ ሥራ።

«የምትወደውን ሥራ ተከተል» የሚለውን ምክር አልወደውም። ለብዙው የአዲስ አበባ ወጣት ሥራ የሚመረጥ ነገር አይደለም፣ የሚገኝ ነገር ነው። የሒሳብ ሥራዬንም አልረግመውም፤ ወር መጨረሻ ላይ ሒሳቡ ሲዘጋ ደስ ይለኝ ነበር። የጎደለኝ ሌላ ነው፤ የዘጋሁት ሒሳብ ለማን ምን እንዳደረገ አላየውም። ደህና ብሠራም ዝም ነው፣ ብሳሳት ግን ስልክ ይደወላል።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት አለ፤ ኤሚ ዜስኔቭስኪና ጄን ደተን የሠሩት። 28 የሆስፒታል የጽዳት ሠራተኞችን አነጋገሩ። ደመወዙ አንድ፣ መጥረጊያው አንድ፣ ሥራው አንድ። ግማሾቹ ሥራቸውን ወለል ማጽዳት ነው አሉ፣ ብዙም አይወዱትም። ሌሎቹ ግን ከሕሙማን ጋር ያወራሉ፣ የጠፋበትን ጠያቂ መንገድ ያሳያሉ፣ ራሳቸውን ሰው ከሚያድኑት ወገን ይቆጥራሉ። ይህን ስል አሠሪዎች ደመወዝ ላለመጨመር እንዳትጠቀሙበት። የገባኝ ነገር፣ ሥራ የሚያረካው የሠራኸው ነገር ደርሶት መልሶ የሚያይህ ሰው ሲኖር ነው። ዴሲና ራያን የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁራን ሰው ሦስት ነገር ይሻል ይላሉ፤ በራስ መወሰን፣ ችሎታ ሲያድግ ማየት፣ ከሰው ጋር መቆራኘት። ከበሮ የያዘው ልጅ የፈለገው እነዚህኑ ነበር።

ከዚህ ከተማ ደግሞ ወይዘሮ ዘሚ የኑስን አስታውሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው ያረፉት። የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ነበራቸው፣ የታወቀ። ልጃቸው ኦቲዝም ስለነበረበት የሚቀበለው ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ያ ሥራ «የምወደው ምንድን ነው?» በሚል ጥያቄ የተገኘ አይመስለኝም፤ በር ተዘግቶባቸው ነው። ብዙ ጥሩ ሥራ የሚገኘው እንደዚያ ነው።

የእኔ በር በጣም ያነሰ ነው። ሒሳቡን ትቼ ወደዚህ ስመጣ አክስቴ «ይህን ሁሉ የተማርከው አዝማሪ ለመሆን ነው?» ብላኛለች፤ ቡና ላይ፣ ሰው እየሰማ። አልተከራከርኳትም። አሁንም ለጎረቤት «ሆስፒታል ነው የሚሠራው» ትላለች፤ ሆስፒታል አልሠራም። ሥራውም ሁልጊዜ አይመልስም። ሳምንታት ምንም የማይመጣባቸው አሉ፤ ልጁ ከምንጣፉ ሥር ገብቶ ይተኛል፣ አንተ ብቻህን ስትጫወት ትውላለህ። ብቻውን የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ይሰበራል ወይም ይደነዝዛል። የሰማኸውን ይዘህ ቤትህ አትገባም፤ አብሮህ የሚሠራ፣ ማታ የምትነግረው ባለሙያ ያስፈልግሃል።

ጥያቄ ልቀበል።

[አንድ አባት «እኔ ክራር አልችልም፣ ድምፄም አያምርም፤ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?» ብለው ጠየቁ።]

ጋሼ፣ ድምፅዎ ባያምር ይሻላል፤ ልጁ አይፈራዎትም። ቴሌቪዥኑን ያጥፉ፣ ስልክዎን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ። ጠረጴዛ ወይም የተገለበጠ ባልዲ ይበቃል። እሱ ይምታ፤ እርስዎ የመታውን ብቻ ይመልሱ። አያርሙት፣ አያስተምሩት፣ «ጎበዝ» እንኳ አያብዙ። እሱ ሲያቆም ያቁሙ። አሥር ደቂቃ ከሆነ ብዙ ነው። ካጠፋ በኋላ ለማባበል አያድርጉት፤ ቀኑ ደህና የሆነ ዕለት፣ በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ሰዓት ያድርጉት። ጆሮውን የሚደፍን ልጅ ከሆነ ደግሞ ባልዲውን ይተዉት፣ በጣት ጉልበት ላይ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ሰው የሚያደማ ወይም ራሱን የሚጎዳ ከሆነ ግን ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ ባልዲ አይጠብቁ።

[አንዲት ተመራቂ «ደመወዙስ?» አለች፤ ሳቅ።]

ሳቁን ተዉት፣ ጥያቄዋ ልክ ነው። ከልጆቹ ጋር በምሠራው ብቻ የቤት ኪራይ አልከፍልም፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ግንቦት ይደጉመኛል፣ ጾም ያስርበኛል። በዚህ ስም የወጣ ክፍት የሥራ ቦታ ሰሌዳ ላይ ፈልገሽ የምታገኚ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ባለሽበት ሥራ ውስጥ ጀምሪው። መምህር ከሆንሽ በክፍለ ጊዜሽ፣ ሶሻል ወርከር ከሆንሽ በምትሠሪበት ማዕከል። የተመረቅሽው ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው? እንግዲያው ከሥነ ልቦና ወይም ከልዩ ፍላጎት ትምህርት የተመረቀ ሰው ፈልጊና ሁለት ሆናችሁ ጀምሩ። ማስታወሻ ያዙ፤ ልጁ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ በሳምንት ስንቴ እንደተማታ፣ ቀኑን ጽፋችሁ። ርእሰ መምህርም ሆነ ድርጅት ገንዘብ የሚሰጠው ያንን ደብተር አይቶ ነው፤ «ልጆቹ ደስ ይላቸዋል» ብትዪው ራሱን ይነቀንቅና ይሸኝሻል። ልምምዳችንን ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ስማችሁን ከባልደረባዬ ዘንድ አስመዝግቡ፤ ወላጆች ከፈቀዱ ባንድ ጊዜ አንድ ሰው እናስገባለን።